ጉንፋን ሲይዘን የለመድነው መድኃኒት ለምን ይከብደናል?

የምንኖረው ከአዲስ አበባ ዳር፣ በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ ነው። ሰፈርተኛው የሚወያይበት መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የውሃ ፈረቃ፣ የመብራትና የታክሲ ጉዳይ ነው። በዚህ ክረምት ግን አንዲት ጎረቤታችን የከፈተችው የጤና ክር (አንድ ጥያቄና በቁጥር የተከታተሉ መልሶቹ) ከሁሉም በላይ ሰው አነጋገረ። የአስም፣ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት ብዙ ነው። ክሩ በጭቅጭቅ መሀል ተውጦ እንዲቀር አልፈለግሁም። መልሶቹን በቁጥራቸው እየተከተልኩ በራሴ ቃል እነግራችኋለሁ።

ቁጥር 1 የጎረቤታችን ጥያቄ ነው። እናቷ የቆየ አስም አለባቸው። ከሚሳበው ፓፍ ሌላ ጠዋትና ማታ የቲኦፊሊን ኪኒን ይወስዳሉ። ለዓመታት በዚሁ መጠን ደህና ነበሩ። በሐምሌ ጉንፋኑ ቤቱን በሙሉ ሲያዳርስ እሳቸውን ከበድ ባለ ትኩሳት ጣላቸው። በሁለተኛው ሌሊት ማስመለስ ጀመሩ። ልባቸው ይደልቃል፣ እንቅልፍ የለም። ሻይ ሲሰጧቸው እጃቸው ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ይንኳኳ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉንም የጉንፋኑ ሥራ አድርጎ ወሰደው። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሲወስዷቸው አንድ ወጣት ሐኪም የመድኃኒቱን ማሸጊያ አይቶ ኪኒኑን ለጊዜው አስቆማቸው። መንቀጥቀጡም ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። ሐኪሙ ጉንፋኑ መድኃኒቱ ከሰውነት እንዳይወጣ አድርጎት ሊሆን እንደሚችል ነግሯታል። ልጅቷ ያልገባት ይኼ ነው። መድኃኒቱ ያው፣ መጠኑም ያው፤ ታዲያ ጉንፋን ከአስም ኪኒን ጋር ምን አገናኘው?

2ኛውና 3ኛው መልስ እግዜር ይማርልን የሚሉ ናቸው። በ3ኛው ላይ ያለው ሰው አክስቱም እንዲሁ ሆነው እንደነበር ጠቅሶ አልፏል።

4ኛዋ ለረጅም ዓመታት በነርስነት ያገለገሉ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላቸው ጎረቤት ናቸው። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጥያቄ ጠየቁ። ትኩሳቱ ስንት ደረሰ? ሲጋራ የሚያጨስ አለ? የልብ ወይም የጉበት ሕመም አለባቸው? ከሁሉም በላይ፣ ለጉንፋኑ ተብሎ አንቲባዮቲክ ወስደዋል ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በኋላ ክሩን እንዳለ ገለበጠው። 5ኛው ላይ ልጅቷ ተመልሳ ከፓራሲታሞልና ከዳማከሴ በቀር ምንም እንዳልተሰጣቸው ጻፈች። ሲጋራም የለም፣ ሌላ ሕመምም የለም።

6ኛው በእኔ እምነት የክሩ ዋና መልስ ነው። የጻፈው እዚሁ ሰፈር የሚኖር ፋርማሲስት ነው። የምንውጠው መድኃኒት አብዛኛው ጉበት ውስጥ ተፈጭቶ ነው የሚወጣው አለ። ይህን የሚሠሩት ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባሉ የኢንዛይም ቤተሰቦች ናቸው። ቲኦፊሊንን በዋናነት የሚፈጨው ሲዋይፒ1ኤ2 የሚባለው ነው። ቫይረስ ሲገባ የመከላከያ ሕዋሶቻችን ኢንተርፌሮንና ኢንተርሊውኪን 6 የመሳሰሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። ትኩሳት፣ ቁርጥማትና ድካም የሚመጡት ከእነዚሁ ነው። መልእክቱ ጉበትም ይደርሳል። ጉበት ያን ጊዜ ሥራውን ይቀይራል። እንደ ሲአርፒ ያሉ የብግነት (ሰውነት በሽታን ሲዋጋ የሚነሳበት ቁጣ) ጊዜ ፕሮቲኖችን በብዛት ማምረት ይጀምራል፣ መድኃኒት የሚፈጩትን ኢንዛይሞች ማምረቱን ግን ይቀንሳል። መድኃኒቱ በየቀኑ እየገባ፣ አወጣጡ ግን ቀዝቅዟል። ስለዚህ ደም ውስጥ ይከማቻል። ቲኦፊሊን ደግሞ በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ሲበዛ ያስመልሳል፣ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በጣም ከበዛ ሰውን እስከ መጣል ይደርሳል።

ፋርማሲስቱ አንድ ነገር አስረግጦ ነበር የጻፈው። ጥፋተኛው ቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ የሰውነት ቁጣ ራሱ ነው። ስለዚህ የሳንባ ምችም ሆነ ሌላ ከባድ ኢንፌክሽን ተመሳሳይ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ንፍጥና ማስነጠስ ብቻ ያለበት ቀላል ጉንፋን ግን ያን ያህል አያሳስብም። ትኩሳቱና ብግነቱ በበረታ ቁጥር ነው የኢንዛይሙ ሥራ የሚዳከመው።

7ኛው ላይ አንድ አባት እናትየው ጉበታቸው ታሟል ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። 8ኛው የፋርማሲስቱ አጭር መልስ ነው። አልታመመም። የተለመደው የጉበት ምርመራ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ብግነቱ ሲያልፍ ኢንዛይሞቹ በቀናት ውስጥ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

9ኛው ላይ ነገሩ ሻከር አለ። አንድ ሰው ይህ ሁሉ ሳይንስ መሸፈኛ ነው፣ መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ብሎ ደመደመ። 10ኛው ደግፎት ከመንገድ ዳር ተገዝቶ ምንም ያልሠራ ኪኒን ታሪክ ነገረ። ፎርጅድ መድኃኒት እውነተኛ ችግር ስለሆነ ስጋቱን አልነቅፍም። ግን 11ኛዋ፣ የፋርማሲ ተማሪ የሆነች ልጅ፣ በትክክል መለሰችላቸው። ፎርጅድ ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ንጥረ ነገር ያንሰዋል ወይም የለውም። የእኚህ እናት ምልክት ግን የመብዛት ምልክት ነው። ደግሞስ ከዚያው ማሸጊያ ባለፈው ሳምንት ሲወስዱ ደህና አልነበሩም ወይ? ትንሽ ቆጣ ብላ ነበር የጻፈችው፣ ማንበብና መጠርጠር የተለያዩ ናቸው እስከማለት ደርሳ። 9ኛው ሰው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

12ኛውም የእሷው ነው። ይህ ነገር አዲስ ግኝት እንዳልሆነ ታሪኩን ዘረዘረች። እ.ኤ.አ. በ1976 ሬንተንና ማነሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ኢንተርፌሮን የሚያስነሱ ነገሮች የተሰጣቸው አይጦች ጉበት ውስጥ ሳይቶክሮም ፒ450 እንደሚቀንስ አሳዩ። በ1978 ላንሴት መጽሔት ላይ፣ አስም ያለባቸው ልጆች በቫይረስ የመተንፈሻ ሕመም ሲያዙ ቲኦፊሊን ከሰውነታቸው የሚወጣበት ፍጥነት እንደሚቀንስ ተጻፈ። በ1980 ደግሞ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኪንግ ካውንቲ ውስጥ የኢንፍሉዌንዛ ቢ ወረርሽኝ ተነሳ። በተረጋጋ መጠን ቲኦፊሊን ሲወስዱ የነበሩ 11 ልጆች መድኃኒቱ ተከማችቶባቸው ተገኘ። ያኔ ቲኦፊሊን በዓለም ላይ ከዋነኞቹ የአስም መድኃኒቶች አንዱ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር በሚሳቡ መድኃኒቶች ተተክቷል። እኛ ጋ ግን ገና በየቤቱ የሚወስዱት አሉ። ለዚህ ነው የድሮ ታሪክ ነው ተብሎ የማይታለፈው።

13ኛው ላይ አንዲት እናት ጉንፋን ሲይዛቸው የከሰዓት ቡና ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያነቃቸው፣ ደህና ሲሆኑ ግን ሦስቱንም ጠጥተው እንደሚተኙ ጻፉ። ይህም ከዚሁ ይሆን ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ክሩ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ቡና ሄደ። 14ኛው ስለ ይርጋጨፌና ስለ ሐረር፣ 15ኛው ስለ ዘንድሮ የቡና ዋጋ ነበር። 16ኛው ላይ ሲስተር መለሱት። ካፌይንን የሚፈጨውም ያው ሲዋይፒ1ኤ2 ስለሆነ የእናትየው ግምት ከእውነት የራቀ አይደለም አሉ። ከዚያም ወደ ቁም ነገሩ መጡ። ካፌይንና ቲኦፊሊን በጠባያቸው ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፣ ሁለቱም እንቅልፍ ይነሳሉ። ትኩሳት ያለበት የቲኦፊሊን ተጠቃሚ ቡናውን እስኪሻለው ቢተው ይመክራሉ። ለታመመ ሰው ጠንከር ያለ ቡና ማቅረብ በእኛ ዘንድ ፍቅር ነው። ይህን ምክር ግን ሁሉም ቤት እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

17ኛው የልብ ክዳን (ቫልቭ) ተቀይሮለት ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወጣት ነው። በትኩሳት ከተኛ በኋላ ጥርሱን ሲፋቅ ድዱ ይደማ ጀመር። ሲለካ የደም መቅጠኑ መጠን፣ አይኤንአር የሚባለው፣ ከተለመደው በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ዋርፋሪን በልክ መሆን አለበት፤ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ያደማል። 18ኛው ላይ ሲስተር የዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ አስረዱ። ኢንዛይሙ መዳከሙ አንድ ነው። ትኩሳት ደምን የሚያረጉትን ፕሮቲኖች ቶሎ ይጨርሳል። በዚያ ላይ በሽተኛው አይበላም። ጎመኑ ሲቀር ቫይታሚን ኬ ይቀንሳል፣ ቫይታሚን ኬ ሲቀንስ ዋርፋሪኑ ይበረታል። አንቲባዮቲክ ከተጨመረበት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። 19ኛው ሰው ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት በማር እንደሚወስድ ሲጽፍ፣ ሲስተር እዚያው ላይ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በብዛት ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን እንዲያማክር አስጠነቀቁ፤ መድማትን ሊያባብስ ይችላል።

20ኛው ክፉ መልስ ነበር። አንድ ሰው ልጅቷን እናቷን ሁለት ሌሊት አስቀምጣ በመድረክ ላይ ታወራለች ብሎ ዘለፋት። ይህ ግፍ ነው። በክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ ሌሊት ላይ መኪና ማግኘት ምን እንደሚመስል እዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። የጉንፋንን ማስመለስ ከመድኃኒት መመረዝ መለየት ደግሞ ለባለሙያም ይከብዳል። ብዙ ሰው ለእሷ ቆመ፣ አስተባባሪውም መልሱን ሰረዘው። ቁጥሩ ብቻ ቀረ።

21ኛው ላይ ልጅቷ ራሷ ተመለሰች። ስድቡን አላነሳችም። የሲስተር ጥያቄ ስላሳሰባት የእናቷን ቦርሳ ፈትሻ ነበር። ከነጠላ መሐረብ ጋር ተጠቅልሎ ግማሹ የተወሰደ ሲፕሮ የተባለ አንቲባዮቲክ ማሸጊያ አገኘች። እናትየው ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ለብቻቸው ታክሲ ተራው አጠገብ ካለ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ገዝተውት ኖሯል።

22ኛው ላይ ፋርማሲስቱ ጉዳዩን ከባድ አድርጎ ያዘው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ቫይረስ አይገድልም፣ ለጉንፋን አይሆንም። ከዚያም ብሶ ሲዋይፒ1ኤ2ን በቀጥታ ያግዳል። ከቲኦፊሊን ጋር አብረው እንዳይሰጡ ከሚከለከሉት ወይም በብርቱ ጥንቃቄ ብቻ ከሚሰጡት አንዱ ነው። ኤሪትሮማይሲንም የቲኦፊሊንን መጠን ከፍ ያደርጋል። የሸጠው ሰው ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ አንድ ጥያቄ ቢጠይቃቸው ኖሮ ብሎ ቆጭቶት ነበር።

23ኛው ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ ታዲያ የጉንፋኑ ታሪክ ፈረሰ፣ ጥፋቱ የሲፕሮ ነው አለ። ልጅቷ እናቷን ጠይቃ 24ኛው ላይ መለሰች። ማስመለሱና መንቀጥቀጡ የጀመረው በሁለተኛው ሌሊት ነው። ሲፕሮ የተገዛው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ እንዲያውም የገዙት ስላልተሻላቸው ነው። ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ይናገራል። ብግነቱ ጀመረው፣ ሲፕሮው አባባሰው። ደማቸው ውስጥ ያለው የቲኦፊሊን መጠን ስላልተለካ የእያንዳንዱን ድርሻ ማንም ሊነግራት አይችልም። ለእኔ ግን ከክሩ ሁሉ ይህ ቦታ ነው የሚበልጥብኝ። በሽታው ጉበትን ባዳከመበት ሰዓት ላይ ነው እኛ ሌላ መድኃኒት የምንደርበው። የሁለቱ መደራረብ ነው ሰው የሚጥለው።

25ኛው በርጋታ የተጻፈ ነው። ወንድሙ ለአእምሮ ሕመም ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ነው የጻፈው። ወንድሙ በኮቪድ ጊዜ ትኩሳት ይዞት ሲተኛ እንቅልፉ በዛ፣ ምራቁ ይዝረበረብ ጀመር፣ ሲነሳ ይንገዳገዳል። ክሎዛፒንንም በዋናነት የሚፈጨው ያው ኢንዛይም ነው። ወንድሙ ሲጋራ ያጨሳል፤ ሲታመም ግን አቁሞ ነበር። የሲጋራ ጢስ ይህን ኢንዛይም ያበረታል፣ ማጨስ ሲቆም ፍጥነቱ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መጠኑን ከፍ አደረገበት። ሲስተር 26ኛው ላይ አንድ ነገር ጨመሩ። ክሎዛፒን ነጭ የደም ሕዋስን በአደገኛ ሁኔታ ሊቀንስ ስለሚችል፣ የሚወስደው ሰው ትኩሳት ሲይዘው ጉንፋን ነው ተብሎ ሳይታለፍ በዚያው ቀን ደሙ መመርመር አለበት።

27ኛው ላይ ተማሪዋ ነገሩ ሁልጊዜ ወደ መብዛት ብቻ እንደማይሄድ አስታወሰች። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ክሎፒዶግሬል የሚሠራው ጉበት ውስጥ ከተቀየረ በኋላ ነው። ኢንዛይሙ ሲዳከም መድኃኒቱ ይዳከማል እንጂ አይበረታም። በኮቪድ ለተያዙ ሰዎች የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ሎፒናቪር ሲሰጥ ደግሞ፣ በኤችአይቪ ታካሚዎች ላይ ከሚታየው በላይ ደማቸው ውስጥ ተገኝቷል፤ ሲአርፒያቸው ከፍ ባለ ቁጥርም የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ይል ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ያሳመነኝ ያቀረበችው የተገላቢጦሽ ማስረጃ ነው። የመገጣጠሚያ ብግነት ላለባቸው ሰዎች ኢንተርሊውኪን 6ን የሚያግድ ቶሲሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ሲሰጥ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን ደም ውስጥ ያለው መጠን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ቁጣው ሲበርድ ጉበቱ ወደ ሥራው ተመለሰ ማለት ነው።

28ኛው ከመንገድ ወጣ፣ ግን ደስ የሚል መውጣት ነበር። ሰው ሁሉ መድኃኒት እኩል አይፈጭም ያለ አንድ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ያሳተሙትን ጥናት አነሳ። ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን ሌላ የጉበት ኢንዛይም የሚያሠራውን ዘረመል (ጂን) ከአንድ በላይ ቅጂ ይዘው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን በፍጥነት ይቀይራል። ውጭ አገር ሰው ላይ የተለካ መጠን እኛ ላይ እንዳለ እንደማይሠራ ለማሳየት ነበር። እውነት ነው፤ በክሩ ላይ ግን ማንም አልተከተለውም።

29ኛው ላይ አንድ ሰው ክሩ ሕዝብ ከመድኃኒቱ እንዲሸሽ እያደረገ ነው ብሎ ተቆጣ። ስጋቱ ትክክል ነበር። ፋርማሲስቱም 30ኛው ላይ አልተከራከረም። በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ከመከማቸቱ ሊብስ እንደሚችል፣ ዋርፋሪን ቢቋረጥ ደም እንደሚረጋ፣ የአስም መድኃኒት ቢቋረጥ ደረት እንደሚዘጋ ጻፈ። ማድረግ ያለብን መድኃኒቶቹን በሙሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድና ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ መናገር ነው።

31ኛው ላይ ልጅቷ የእናቷን ሁኔታ አሳወቀች። ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላ ኪኒኑ በግማሽ ተጀምሮላቸው ነበር። ከቀናት በኋላ ግን ሌሊት ሌሊት ደረታቸው ማፏጨት ጀመረ። ጉበቱ ወደ ፍጥነቱ ተመልሶ ግማሹ አልበቃ ብሏል። ሐኪሙ ጋ ተመልሰው መጠኑ እንደ ድሮው ሆነ። ይህን ብዙዎች ይረሱታል። በሕመም ጊዜ የተቀነሰ መጠን ሲድኑ እንደገና መታየት አለበት።

32ኛው ከገላን ነበር የመጣው፣ በማለዳ። አንዲት እናት የሚጥል በሽታ ያለበት ልጃቸው ፌኖባርቢታል እንደሚወስድ፣ ሌሊቱን ትኩሳት ይዞት እንዳደረ፣ ክሩን አንብበው የጠዋቱን ኪኒን እንዳልሰጡት ጻፉ። ሲስተር፣ ፋርማሲስቱና ተማሪዋ ተከታትለው መለሱላቸው። ይስጡት አሉ፤ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ መንዘፍዘፍ ያመጣል፣ ትኩሳት ደግሞ በራሱ መንዘፍዘፉን ይቀሰቅሳል። አስፕሪን እንዳይሰጡትም ሲስተር አከሉ፤ በቫይረስ ለታመመ ልጅ ጉበትና አእምሮን የሚጎዳ ከባድ ችግር ሊያስከትል ይችላል። ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይበቃዋል፣ ከዚያ ጠዋቱኑ ይዘውት ይሂዱ። እናትየው 36ኛው ላይ ኪኒኑን እንደሰጡት፣ የመድኃኒቶቹን ፌስታል ይዘው ጤና ጣቢያው ደጃፍ ወረፋ ላይ እንደሆኑ ጻፉ።